ቦርሳ ከተነሣ በኋላ የሚነሣ እጅ

በዓለም ላይ ያለ እሱ ያለቀ ስብሰባ የለም፤ እሱ ባለበት በሰዓቱ ያለቀም የለም። ታውቁታላችሁ። ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ከሌለ…» ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ሲጀምር፣ ሰዉ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ሲያንጠለጥል፣ በር አካባቢ ያሉት በግማሽ ጎናቸው ብድግ ሲሉ፣ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። እጁ አይቸኩልም፤ እንደሚታይ ያውቃል። አዳራሹ በአንድ ትንፋሽ «ኡፍፍ» ይላል፣ ቦርሳዎቹ ወደ መሬት ይመለሳሉ፣ ቤቱ ሕፃን ጥሎ የመጣው ሰዓቱን ያያል።

የኛው ባለታሪክ ከዚህ ዘር የተገኙ፣ በማዕረግም ሁሉንም የሚያስከነዱ ናቸው። ለሠላሳ አራት ዓመት አስተምረዋል፤ አሁን የያዙት የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የሠራተኛ መዝገብ ብቻ ነው። ሌላው ፍጥረት «ጋሽ ቆይማ» ነው የሚላቸው፤ «ቆይማ» ሳይሉ አፋቸው አይከፈትምና። ጉዳዩ ከበድ ካለ «ቆይማ፣ ቆይማ» ይሆናል፤ ያን ጊዜ የዕለቱ ምሳ ቀረ ማለት ነው።

ክቡርነታቸው ተንኮለኛ እንዳይመስሏችሁ። ሰው ለማሳፈር የሚጠይቅ አለ። አዋቂነቱን ለማሳየት የሚጠይቅ አለ። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ የሕይወት ታሪኩን የሚተርክም ሞልቷል። ጋሽ ቆይማ ግን የሚጠይቁት በእውነት ስላልገባቸው ነው፤ አስፈሪ የሚያደርጋቸውም ይኸው ነው። ሐኪሙ «መድኃኒቱን በቀን ሦስት ጊዜ ይውሰዱ» ቢላቸው «ቆይማ ዶክተር፣ ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ነው ወይስ እኔ ስነቃ?» ብለው ደጅ የተሰለፈውን በሽተኛ ሁሉ ቁጭ አድርገውታል። ለጽዳት ሠራተኞች በተዘጋጀ የኬሚካል አጠቃቀም ሥልጠና ላይ ሳይጠሩ ገብተው፣ ከተጠሩት ሁሉ በላይ ጠይቀው፣ ምስክር ወረቀታቸውን ተቀብለው ወጥተዋል። ባለቤታቸው ስለ ትዳራቸው ሲጠየቁ አንድ ነገር ብቻ ይላሉ፦ «እሺ ካልኩት በኋላ ራሱ ሰባት ጥያቄ ጠይቆኛል።»

ለሚነጫነጭባቸው ሁሉ መልሳቸው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነው። ችግሩ፣ ሥሩ ድረስ ሲቆፍሩ ሌላው ሰው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

አሠልጣኟ እኚህን ሰው የገጠመቻቸው ሥራ በያዘች በሦስተኛ ወሯ ነበር። ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምራ፣ ጠመኔ በቃኝ ብላ፣ በታብሌት የሚሠራ የሒሳብ ትምህርት ፕሮግራም ከሚያዘጋጅ ድርጅት ተቀጥራለች። ያን ጊዜ ማዕረጓ «ረዳት» ነበር። ወደ ጋሽ ቆይማ ትምህርት ቤት የሄደችውም ዋናው አሠልጣኝ ስለታመመ እሱን ተክታ ነው። ሌሊቱን በመስታወት ፊት ስትለማመድ ያደረችውን ንግግር አንድ ቃል ሳትስት ተወጣችው። ፕሮጀክተሩ አላስቸገራትም። መምህራኑም በልከኛ ቦታ ላይ ሳቁላት። «ጥያቄ ያለው?» አለች፤ ቦርሳዎቹ ተነሡ፤ እጁም ወጣ።

«ቆይማ፣ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ቆይማ ብድግ ብለው። «በጣም ጥሩ ነገር ነው ያሳየሽን፣ ተባረኪ። አንድ ትንሽ ነገር ብቻ። ይሄ ዕቃ ባትሪው ሲያልቅ ምን ይሆናል?»

«ቻርጅ ይደረጋል፣ ጋሼ።»

«በምን?»

«ሶኬት ላይ ይሰካል።»

«የትኛው ሶኬት ላይ?»

አሠልጣኟ ግድግዳውን ዞር ዞር ብላ አየች። በአዳራሹ ያለው አንድ ሶኬት ብቻ ነው፤ እሱንም የሷ ፕሮጀክተር ይዞታል። «ክፍላችሁ ውስጥ ያለው ላይ» አለች፤ ድምጿ ግን ሟምቷል።

«የኔ ክፍል ሶኬት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው» አሉ ጋሽ ቆይማ። «ቁም ሳጥኑን እዚያ ያቆሙት ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል። እንግፋው ብንል እግሩ ይሰበራል። ባዶ እናድርገው ብንል በውስጡ ያለው የፈተና ወረቀት የት ይቀመጥ? ስለዚህ ጥያቄዬ፣ የቁም ሳጥኑ ጉዳይ በእናንተ በኩል ነው የሚታየው ወይስ በእኛ?»

ሳቁ ከአዳራሹ አልፎ ግቢው ድረስ ተሰማ። አሠልጣኟ ወደ ቢሮ በሚመልሳት መኪና ውስጥ መስኮት መስኮቱን እያየች፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለኔ ነው እያለች ተብሰለሰለች። ሽማግሌውን በልቧ ረገመቻቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት የቢሮ ስብሰባ ላይ ግን፣ ወሬው ጋብ ሲል፣ ሳታስበው «ታብሌቶቹን ከመላካችን በፊት በየክፍሉ ስንት ሶኬት እንዳለ ብንቆጥርስ?» የሚል ነገር ከአፏ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ «አያችሁ? ማሰብ ማለት ይሄ ነው!» አለ። ይህ ሰው ሲደሰት ጠረጴዛ ይመታል፤ ሲናደድም ያንኑ ጠረጴዛ ነው። አሠልጣኟ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ልትናገር አፏን ከፈተች። ሁሉም ወደሷ እያየ ነበር፤ እንዲያ መታየት ደስ ይላል። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ሁለተኛውን ሐሳብ የራሷ ማድረግ ከመጀመሪያው ቀለላት። ፕሮግራሙ የይለፍ ቃሉን የረሳን መምህር «የመጀመሪያ አስተማሪህ ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቅና መልሱ ትክክል ከሆነ ያስገባዋል። ጋሽ ቆይማ ይህን ሲሰሙ እጃቸው ወጣ። «ቆይማ። እዚህ ከተቀመጡት መምህራን ሰባቱን ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ከሒሳብ በፊት አንደኛ ክፍል ነበር የማስተምረው። ስለዚህ የሰባት ሰው በር በኔ ስም ይከፈታል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሰው ነኝ፤ ቢያምረኝስ?» ሰባቱ መምህራን እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው ወዲያው ታብሌቱን ደረቱ ላይ አቀፈ። ጥያቄው በሁለት ሳምንት ውስጥ በሁሉም ትምህርት ቤት ተለወጠ። «ረዳት» የሚለው ቃልም ከአሠልጣኟ ማዕረግ ላይ ወደቀ።

ሙያዊ እድገት የሚባለው ነገር እንዲህ ነው የጀመራት። ድርጅቱ እንደ ወጉ ለሥልጠና ልኳታል። የአመራር ክህሎት፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ በራስ መተማመን የሚባሉትን ሁሉ ተምራ በያንዳንዱ ማብቂያ ላይ ፎቶ ተነሥታለች። ያሳደጋት ግን በቦርሳዋ የምትይዘው ሰማያዊ ማስታወሻ ደብተር ነው፤ እሱ ላይ የጋሽ ቆይማን ጥያቄዎች ትገለብጣለች። ወደዚያ ትምህርት ቤት ከሌሎቹ እጥፍ ትመላለስ ጀመር። በቢሮ መዝገብ ላይ ምክንያቱን «ተደጋጋሚ ድጋፍ የሚያስፈልገው ትምህርት ቤት» ብላ ሞላችው። ድጋፍ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ አልጻፈችም።

ደግሞ ይህን ሁሉ እየወሰደች ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረቦቿን ታስቅ ነበር። ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ እየላከች፣ ጉሮሮዋን እየጠረገች፣ «ቆይማ፣ የኔ ልጅ» ስትል በሳቅ የማያለቅስ አልነበረም። እኔ ይህን የምነግራችሁ እንድትጠሏት አይደለም። አለቃው ያመሰገነው፣ ባልደረባው የሳቀለት ወጣት ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከሁሉም ጥያቄዎች ግን ቢሮ ያልደረሰ አንድ አለ። በትምህርት ቤቱ አምስተኛ ክፍል አርባ አምስት ልጅ አለ፤ ታብሌቱ አሥራ አምስት ነው። አንድ ታብሌት ለሦስት ልጅ። «ቆይማ፣ ቆይማ» አሉ ጋሽ ቆይማ። «ዕቃው ሲከፈት የሚጠይቀው የአንድ ልጅ ስም ነው። የተቀሩት ሁለቱ ምን ይባሉ?» አሠልጣኟ ወዲያው ገባት። ይህን ማስተካከል ማለት ፕሮግራሙን ከመሠረቱ አፍርሶ መሥራት ነው፤ ወራት ይፈጃል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ጠርቷት፣ ፕሮግራሙ ወደ ሁለት መቶ ትምህርት ቤቶች እንዲገባ የትምህርት ቢሮ ሰዎች ሊወስኑ መሆኑን አጫውቷታል። «ይሄ ካለፈልን» ብሏታል ጠረጴዛውን መታ እያደረገ፣ «የሥልጠና ክፍሉ ኃላፊ ወንበር ያንቺ ነው።» ስለዚህ አሠልጣኟ ለጋሽ ቆይማ «እሱን እናየዋለን» አለቻቸው። ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ገጹን ገለበጠችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ከሦስት ወር በኋላ ቢሮው በደስታ ሰከረ። የፕሮግራሙ መዝገብ ከዚያው ትምህርት ቤት ተአምር አወጣ፦ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ መልመጃ ሠርታለች፤ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሳለች። ልጅቷ የክፍሉ አለቃ ናት። መዝገቡን ረጋ ብሎ ያየ ሰው፣ ይህች ልጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአሥራ አምስት ቦታ ተቀምጣ አሥራ አምስት የተለያየ መልስ እንደመለሰች ይደርስበት ነበር፤ ግን ደስ ያለው ሰው ረጋ ብሎ አያይም። ሥራ አስኪያጁ ሥዕላዊ መግለጫ አሠርቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። የትምህርት ቢሮ እንግዶች ተጠሩ። ልጅቷ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥታ፣ በትልቁ ስክሪን ፊት፣ መልመጃ ስትሠራ እንድታሳያቸው ተወሰነ።

በዝግጅቱ ጠዋት አሠልጣኟ «ኮከቧን» ላበረታታት ብላ ስትፈልግ ከመምህራን ክፍል ጀርባ ካለው የውኃ ቧንቧ አጠገብ አገኘቻት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ጸጉሯ በአዲስ ሪባን ታስሯል።

«እትዬ» አለች ልጅቷ፣ «እኔ አልሠራሁትም።»

«ምኑን?»

«መልመጃውን። ታብሌት የማድለው እኔ ነኝ። ልጆቹ የይለፍ ቃላቸውን ሲረሱ ክፍለ ጊዜው ያልቅብናል። እኔ የኔን አልረሳም። ስለዚህ ሁሉንም በኔ ስም ከፈትኩላቸው።» እንባዋ ዱብ አለ። «የሠሩት ሁሉም ልጆች ናቸው። እኔ ክፍልፋይ ራሱ አይገባኝም።»

«ታዲያ ለምን ሳትናገሪ ቀረሽ፣ የኔ እናት?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

አንድ ሰው ጠይቆ ነበር፤ የጠየቀውም አሠልጣኟን ነበር። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ደግሞ የልጅቷ እናት፣ ለክብር የተቀመጠ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከማለዳ ጀምሮ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጎረቤቶቿንም ይዛ መጥታለች።

ሥራ አስኪያጁን በር ላይ ያዘችው፤ የተባለችውን አንድ በአንድ ነገረችው። እሱ የሰማው ግማሹን ነው። ዓይኑ ከመኪና በሚወርዱት እንግዶች ላይ ነበር። «በኋላ! እንግዶቹ ስድስት ሰዓት ላይ ሌላ ስብሰባ አለባቸው፣ ይሄዳሉ። ቀላል ጥያቄ ይውጣላት፣ በቃ» አላት።

«ጥያቄውን የሚመርጠው እኮ ፕሮግራሙ ነው! የመጨረሻ ደረጃ ላይ ናት ብሎ ስለሚያስብ ከባዱን ነው የሚያወጣላት።»

«ፈገግ በይ» አላት ሥራ አስኪያጁ፣ እሱም ፈገግ እያለ።

መርሐ ግብሩ አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ። አሠልጣኟ ንግግር ሲደረግ አልሰማችም፤ ትቆጥር ነበር። ንግግሮቹ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ያልቃሉ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ለጥያቄ፣ ከዚያ ልጅቷ። እንግዶቹ የሚነሡት በስድስት ነው። ተነሥታ እውነቱን በማይክ ብትናገር ልጅቷ በእናቷ፣ በጎረቤቶቿና በክፍል ጓደኞቿ ፊት አጭበርባሪ ልትባል ነው። ዝም ብትል ስክሪኑ ያዋርዳታል። በመካከል ያለው አርባ ደቂቃ ነው። አርባ ደቂቃ የሚበላ ነገር ከየት ይመጣል? ይህን ስታስብ ዓይኗ በራሱ ጊዜ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄደ።

ጋሽ ቆይማ እዚያው ናቸው። ግን አንድ የማይታመን ነገር ነበር፦ ሁለቱም እጆቻቸው ኪሳቸው ውስጥ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ጠዋት ጎትተው ወስደዋቸው «ጋሽዬ፣ የዛሬን ብቻ፣ ዝም አይነቅዝም» ብለው ሲለምኗቸው፣ ክቡርነታቸው ያለ አንዳች ጥያቄ «እሺ» ብለዋል። ርዕሰ መምህሩ ደንግጠው «ደኅና ነዎት ግን?» ብለው እንደጠየቁ ይወራል።

«ጥያቄ ያለው?» አለ ሥራ አስኪያጁ። ማንም የለም። «እንግዲያው በቀጥታ ወደ ኮከባችን…»

አሠልጣኟ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሁለተኛውን ማይክ ያዘች። «ይቅርታ፣ ከኋላ ጥያቄ ያለ መሰለኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ጥያቄ አለዎት አይደል?»

መላው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ቀኝ ኋላ ዞረ። ሰባቱ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በአንድ ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጋሽ ቆይማ ተነሡ። «ኧረ የለኝም፣ የኔ ልጅ» አሉ። «ሁሉም ግልጽ ነው።»

እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከዚያ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ርዕሰ መምህሩ ውኃ ሲጠጡ ትን አላቸው።

«በደንብ ያስቡበት እንጂ፣ ጋሼ።»

«አስቤበታለሁ። ቀጥሉ፣ ቀጥሉ።»

«እባክዎ» አለች አሠልጣኟ፤ ድምጿ ልቅሶ ልቅሶ ይላል። «አንድ እንኳ አይጠፋም። አንድ ብቻ።»

ሽማግሌው አዩዋት። ከዚያ መድረኩ ጥግ ላይ የቀሚሷን ጠርዝ ጨብጣ የቆመችውን የክፍል አለቃዋን አዩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው፣ መልሱን የማያውቅን ልጅ ከጀርባው ይለየዋል። መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው አጠለቁ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ።

«እንግዲህ ካስገደዳችሁኝ» አሉ፣ «አሥራ ሰባት ናቸው። ቆይማ።»

ወዳጆቼ፣ የዚያን ቀን ያልነበረ ብዙ ነገር አምልጦታል። ስለ አቧራ ጠየቁ። በመስኮት በኩል ፀሐይ ሲገባ ስክሪኑ ለምን መስታወት እንደሚሆን ጠየቁ። አይጥ የበላችው የቻርጅ ገመድ «ብልሽት» ይባላል ወይስ «ስርቆት» ብለው ጠየቁ፤ የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ይህን ጉዳይ ለወራት ስታስብበት ኖራ ኖሮ «በትክክል!» ብላ ተነሣች፤ በዚያ ላይ ብቻ ስምንት ደቂቃ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ «በአጭሩ እንመልሰው» ባለ ቁጥር «ቆይማ፣ አጭር ስንል በስንት ደቂቃ ነው?» ይሉታል። ከእንግዶቹ ዋናዋ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሴትዮ፣ መጀመሪያ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር፤ ከአምስተኛው ጥያቄ በኋላ እስክርቢቶ አወጡ። ስለ ሦስቱ ልጆችና ስለ አንዱ ስም ግን ጋሽ ቆይማ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ዘለሉት።

አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሆነ። ዋናዋ እንግዳ ተነሡ። «ልጅቷን ሌላ ጊዜ እናያታለን» አሉ ለሥራ አስኪያጁ። «እነዚህን ጥያቄዎች ግን ከነመልሳቸው በጽሑፍ እፈልጋቸዋለሁ። ያለዚያ ውሳኔ የለም።» ልጅቷ ከመድረኩ ጥግ ሮጣ ወርዳ እናቷ ጉያ ገባች። እናትየዋ «ምን ዓይነት ነዝናዛ ሰውዬ ነው፣ ልጄን ሳላያት!» እያለች ተቆጣች፤ ጎረቤቶቿም አብረው ጋሽ ቆይማን በዓይናቸው ገረፏቸው።

የሥራ አስኪያጁ መኪና አጠገብ የሆነውን ብዙ አላራዝመውም። የሚመታ ጠረጴዛ ስላልነበረ የመኪናውን ጣሪያ መታ። «ማይኩን የሰጠሻቸው አንቺ ራስሽ ነሽ!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች አሠልጣኟ። «ቁጥሩ የአንዲት ልጅ አይደለም፤ የአርባ አምስት ልጅ ነው። ችግሩንም ከሦስት ወር በፊት ተጠይቄ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ለትምህርት ቢሮው እንደዚያ ብዬ እጽፋለሁ፤ የልጅቷን ስም ግን አላነሣም።»

«የኃላፊነቱን ነገር እንግዲህ እርሺው» አለና በሩን ዘግቶ ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ሳትጥል አልቀረችም፤ በማግሥቱ ሥራ ይኑራት አይኑራትም አላወቀችም።

የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ቆይማ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ቀስ እያሉ መጡ፤ ከአጠገቧ ቆሙ።

«አበላሸሁብሽ መሰለኝ» አሉ። «ዛሬ ዝም ልበልላት፣ ሥራዋ ይቃናላት ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር የመጣሁት። ርዕሰ መምህሩ ሳይለምነኝ በፊት።»

«ጋሼ» አለች፣ «የሶኬቱን ጥያቄ ቢሮ ወስጄ የኔ ነው ብያለሁ። የይለፍ ቃሉንም። ከዚያ በኋላ የጠየቁትንም ሁሉ። ያደግኩት በእርስዎ ጥያቄ ነው። ምሳ ላይ ደግሞ እጅዎን እያስመሰልኩ ሰው አስቄብዎታለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«የቱን?»

«ሁለቱንም። አንዷ ባልደረባሽ እዚህ መጥታ ሳለ እጄን ሳነሣ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች፤ ያኔ ገባኝ። ሌላውንስ እንዴት አላውቅም?» ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ ከአጠገቧ ተቀመጡ። «ሶኬቱን በጠየቅኩ በወሩ ሶኬት የሚቆጥር ሰው መጣ። የአስተማሪውን ነገር ጠየቅኩ፣ ተለወጠ። ልጄ፣ እኔ አርባ አንድ ሥልጠና ላይ ተቀምጫለሁ። አርባዎቹ ‹በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው› ብለው፣ ምስክር ወረቀት ሰጥተውኝ፣ በዚያው ጠፉ። መልሱን ይዞ የተመለሰ አንቺ ብቻ ነሽ። በማን ስም እንደመጣ ምን ቸገረኝ?»

አሠልጣኟ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች፤ አዲስ ገጽ ገለጠች።

«ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፣ ጋሼ። ከነአባትዎ፣ ከነአያትዎ።»

ነገሯት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመላለስ አንድም ቀን ጠይቃቸው አታውቅም ነበር። ከገጹ አናት ላይ «ጥያቄዎቹን ያቀረቡት» ብላ ስማቸውን ሳታሳጥር ጻፈችው። ከሥሩም፣ እሳቸው ዘለውላት የመጡትን፣ የሦስቱን ልጆች ጥያቄ፣ አንደኛ ብላ አሰፈረችው።